ሁሉን አዳኝ ቅጠል

እኛ አገር ጉንፋን የያዘው ሰው በሽታው አንድ፣ ሐኪሙ ብዙ ነው። ቢሮ ገብቶ አንዴ ሲያስነጥስ "ይማርህ" ከመባሉ ማዘዣው ይጀምራል። የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባ "ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር" ትላለች። ከጎኗ ያለው "ማር ኃይሉን ይሰብረዋል፤ በሎሚ ነው" ብሎ ያርማታል። ጥበቃው ጋሼ በር ላይ እንደተቀመጡ "ፌጦ!" ይላሉ፤ የእሳቸው ማዘዣ ማብራሪያ የለውም። ሻይ የሚያቀርቡት እትዬ ደግሞ ፊቱን አየት አድርገው "ይኼ ጉንፋን አይደለም፣ ምች ነው" ሲሉ የእስካሁኑን ምርመራ ሁሉ ይሽሩና ዳማከሴ ያዛሉ። አለቃው ከቢሯቸው ወጥተው ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠንን የመሰለ ነገር እንደሌለ ይመሰክራሉ። ታማሚው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አምስት ማዘዣ ይዟል። "ትኩሳት አለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም።

ምን ያድርግ? አንዱን ወስዶ ሌላውን ቢተው ሰው ይቀየመዋል። ስለዚህ ማታ ቤቱ ገብቶ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ይቀላቅላል። ከአምስት ቀን በኋላ ይሻለዋል፤ ጉንፋን እንደሆነ ልማዱ ነው። ከዚያ አምስቱም መካሪዎች እየተፈራረቁ "አላልኩህም?" ይሉታል። ታማሚውም በተራው ሐኪም ሆኖ ሌላ የሚያስነጥስ ሰው ይጠብቃል።

በዚህ ስቀልድ ቅጠሉን የናቅሁ እንዳይመስል። ይህች አገር ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዝርያ አላት፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር አይበቅልም። አባቶች ስለ ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ በብራና ላይ ጽፈዋል፤ መጽሐፈ መድኃኒትና ዕፀ ደብዳቤ የሚባሉት ከየደብሩ እስከ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ተቀምጠዋል። ዳማከሴም ቢሆን የእትዬ ፈጠራ አይደለም፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ አሳይቷል። ስለዚህ ትዝብቴ ከቅጠሉ ጋር አይደለም፤ ከቅጠሉ ወዳጆች ጋር ነው። እንደ ወዳጆቹ አድርጎ ቅጠሉን የጎዳው የለም።

የወዳጅነቱ መጀመሪያ ቁጥር ነው። ስለ ባህል ሕክምና በተሰበሰበ ማንኛውም ጉባኤ ላይ መክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት ክቡር እንግዳ "80 በመቶው ሕዝባችን የባህል መድኃኒት ተጠቃሚ ነው" ሳይሉ ከመድረክ አይወርዱም። ይህ 80 በመቶ ለአሥርት ዓመታት ሲነገር ኖሯል። በዚህ መሐል የሕዝቡ ቁጥር እጥፍ ድርብ ሆኗል፣ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ በየገጠሩ ተሠርቷል፣ ፋርማሲ በየመንገዱ ተከፍቷል። 80 በመቶው ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ጤነኛ ቁጥር ምን ቅጠል ቢወስድ ነው ያሰኛል።

ከጉባኤው ወጥተው በእግርዎ ትንሽ ቢሄዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የግንብ አጥር ላይ የተለጠፈውን ያነባሉ። "ለኪንታሮት፣ ለጨጓራ፣ ለአስም፣ ለስኳር፣ ለሪህ፣ ለመካንነት፣ ለስንፈተ ወሲብ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለዓይነ ጥላ፣ ለገበያ።" ከታች ስልክ ቁጥር አለ። ስኳር በሽታንና የቀዘቀዘ ገበያን አንድ ላይ የሚፈታ ጠርሙስ በየትኛውም ዓለም አልተገኘም፤ እኛ ጋ ግን ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ዝናብ ይመታዋል። ዛሬ ደግሞ ምሰሶው ጠቦ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት አረንጓዴ ነገር የሞላበት ብርጭቆ ከፍ አድርጎ "ይህን ለሰባት ቀን በባዶ ሆድ ጠጥታችሁ ውጤቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ" ይላል። የዳኑት ይጽፋሉ። ያልዳኑት ምን እንደሆኑ ኮሜንት ላይ አይታይም።

ሽፈራውን ያየ ይህን በደንብ ይረዳዋል። ኮንሶዎች ሽፈራውን ከማሳቸው መሐል ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከማሽላና ከበቆሎ ኩርኩፋ ጋር ይመገቡታል። ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብ። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ማዕረግ ጨመረ። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል፣ የጉልበትና የካንሰር መድኃኒት ሆነ። የኮንሶ ገበሬ እራቱን ሲበላ አዲስ አበቤው በማንኪያ ለክቶ በተስፋ ይውጠዋል። ነገ ደግሞ ከቦሌ ይነሳል። ወደ ዋሽንግተን የሚበር ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ የደረቀ ዳማከሴና ሽፈራው በየላስቲኩ ተጠቅልሎ ይተኛል። እዚያ የሚቀበለው ዘመድ የጤና መድን አለው፣ የቤተሰብ ሐኪም አለው፣ ጥቁር አዝሙድም ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ በዘይት መልክ ይሸጥለታል። ቢሆንም የአገር ቤቱን ይጠብቃል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፤ በሬው ቨርጂኒያ ቢገባም።

የወዳጆቹ ትልቁ መፈክር "ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም" የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ከፋርማሲ የገዛውን ክኒን ከመዋጡ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። "ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ አልፎ አልፎ ሽፍታ" የሚለው ጋ ሲደርስ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ክኒኑን ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጎረቤት በጆግ ያመጣችለትን አረንጓዴ ጭማቂ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጭልጥ ያደርጋል። ጆጉ ወረቀት የለውምና የጎንዮሽ ጉዳትም የለውም።

ተፈጥሮ እኮ አስተናግርንም አብቅሏል። የጉሎ ፍሬም ተፈጥሮ ነው፤ ውስጡ ያለው መርዝ በጥቂቱ ሰው ይገድላል። የቁልቋል ወተትም ከፋብሪካ አልወጣም፤ ዓይን የነካ ቀን ግን ሐኪም ቤት ያስሮጣል። የተከበረው ኮሶ ራሱ ከመጠን አልፎ የተወሰደ ጊዜ የዓይን ብርሃን እንደጎዳ በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። ጉበትና ኩላሊት የሚደርሳቸውን ነገር የሚለዩት በሚሠራው ሥራ እንጂ በትውልድ ቦታው አይደለም፤ ከጫካ መጣ፣ ከፋርማሲ መጣ ለእነሱ ልዩነት የለውም።

መጠኑስ? "ስንት ልውሰድ?" ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው፤ "አንድ ሲኒ"፣ "እንደ አቅምህ" እና "ምንም አይልህም፣ ጠጣው"። ሲኒው የማን ሲኒ ነው? ቅጠሉ እርጥብ ነው ደረቅ? በክረምት የተቀጠፈ ነው በበጋ? ለስድሳ ኪሎ ሰውና ለአሥራ ሁለት ኪሎ ሕፃን ሲኒው አንድ ነው? ይህን የጠየቀ ሰው እምነት የጎደለው ተብሎ ይታያል።

ነገሩ ተባብሶ ሐኪም ቤት ሲደረስ የሚካሄደውን ጭውውት የማያውቅ ሐኪም የለም።

"እማማ፣ እስካሁን የወሰዱት መድኃኒት አለ?"

"ኧረ ምንም ልጄ።"

"ምንም?"

"ምንም። ቅጠል ነገር ብቻ ነው የሰጡኝ።"

"ምን ቅጠል?"

"እኔ ምኑን አውቄ። መራራ ነው።"

እማማ አልዋሹም። በእሳቸው መዝገብ መድኃኒት ማለት በሽታ ያድናል የተባለለት ሳይሆን ፋርማሲ የተገዛ ነገር ነው። ሠፈር ሲሆኑ ግን ያው ቅጠል "መድኃኒት" ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ "ነገር" ይሆናል። ሐኪሙ ይቆጣል ብለው ስለሚፈሩ ይሸሽጋሉ፤ ሐኪሙም የወሰዱትን ሳያውቅ በላዩ ላይ ያዝዛል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢጨምርበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ለመናገር ግን ሐኪሙ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ መስማት አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ?

ሐኪሞቻችንም ከዚህ ትዝብት አያመልጡም። ገሚሶቹ "ቅጠል" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን አኮማትረው እማማን ይገሥጻሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን ባለቤታቸው ያፈላችላቸውን ጦስኝ ይጠጣሉ፤ ምች ሲይዛቸውም እናታቸው ያሸችላቸውን ዳማከሴ ያሸታሉ። ቀን የተገሠጹት እማማ በሚቀጥለው ጊዜ "ቅጠል ነገር" እንኳ አይሉም።

አያቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ኮሶን እንመልከት። ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ፤ ከጥሬ ሥጋ ጋር የኮሶ ትል ይመጣል፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣል። አበባው የሴቴዋ ዛፍ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። የጠጣው ሰው ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራ አይሠራም፣ ከሆዱ ጋር ብቻውን ይሟገታል። ኮሶ ለጨጓራም ለገበያም ለዓይነ ጥላም ነው አላሉም፤ ለትል ነው አሉ፣ ትሉም ወጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሩስ ዛፉን ሥሎ ለአውሮፓ አስተዋወቀው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአውሮፓ መድኃኒት መዘርዝሮች ውስጥ ገባ። ከኢትዮጵያ ተራራ ተነስቶ ለንደን ፋርማሲ የገባበት ምክንያት አንድ በሽታ፣ አንድ አበባ፣ የሚታይ ውጤት ስለነበረው ነው። ኋላ ላይ የተሻለና ጉዳቱ ያነሰ ክኒን ሲመጣ ሕዝቡ ራሱ ያለ ጉባኤና ያለ ዐዋጅ ኮሶን ተወ። ቁርጡን ግን አልተወም፤ ይኼ ሌላ ትዝብት ነው።

እኛ የወረስነው መራራውን እንጂ ጥንቃቄውን አይደለም። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቅጠል ጠጥቶ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይነጻለታል። በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣው የጉበት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የመጨረሻው ጠርሙስ ነው። በዚህ ላይ ብቻ ቢቆም ባልከፋ። አንዱ ቅጠል በጉንፋን ያገኘውን ዝና ይዞ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ይሸጋገራል። እዚህ ጋ ቀልድ ያበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ክትባቱን በጊዜው የወሰደ ግን ይድናል። ውሻ ነክሶት ቅጠል ሲጨመቅለት የሚውል ሰው እያጠፋ ያለው ጊዜውን ብቻ አይደለም። "እከሌ ጠጥቶ ድኗል" የሚባልለትን እከሌን የነከሰው ውሻ ብዙውን ጊዜ በሽታው ያልነበረበት ውሻ ነው።

ይህ ሁሉ ጠባያችን በአንድ ወቅት ተሰብስቦ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን መግባቱ እንደተሰማ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። ሰው ከሰው ሁለት ሜትር እንዲራራቅ ሲለመን፣ ሕዝቡ ሽንኩርቱን ለመግዛት ገበያ ላይ ተጋፋ። በዚያው ወር የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር አንድ የባህል መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ የላብራቶሪ ምርምር ማለፉን አበሰሩ። ሕዝቡ "የመጀመሪያ ደረጃ" የሚለውን ጥሎ "መድኃኒት" የሚለውን አነሳ። በሚቀጥለው ወር የማዳጋስካሩ ፕሬዚዳንት ራጆሊና በካሜራ ፊት ከጠርሙስ ጠጥተው መድኃኒት አገኘን አሉ፤ የአፍሪካ አገሮችም ጠርሙሱን በአውሮፕላን ተቀበሉ። መድኃኒት መሥራቱ የሚረጋገጠው ፕሬዚዳንት ሲጠጣው ቢሆን ኖሮ ላብራቶሪ ምን ያደርጋል?

ማዳጋስካሮች የተጠቀሙበት ተክል ከአርቴሚዥያ ወገን ነው፤ የዚህ ተክል እውነተኛ ታሪክ ደግሞ ለወዳጆቻችን ትልቅ ትምህርት አለው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ፍለጋ የጥንት መጻሕፍትን ስትመረምር 1,600 ዓመት ገደማ በሆነው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ቅጠሉ ሳይፈላ በውሃ ተነክሮ እንደሚጨመቅ አነበበች። ያን ጊዜ ገባት፤ እስካሁን ሲያፈሉት ሙቀቱ ዋናውን ነገር እያጠፋው ነበር። ያለ ብዙ ሙቀት ስትለየው ወባን የሚገድለው አርቴሚሲኒን ወጣ። ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈለች። የጥንቱን መጽሐፍ አከበረች፤ ግን አላመነችውም፤ ጠየቀችው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ለወባ ሲያዝዝ የቅጠሉን ሻይ ግን አይመክርም፤ በሻይ ውስጥ ያለው መጠን አንድ ጊዜ ያንሳል፣ አንድ ጊዜ ይበዛልና።

ለዚህ ቻይና መሄድም አያስፈልግም፤ ዐድዋ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠና ዐድዋ ወንዝ ዳር ደረሰ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። በእንዶድ የታጠበ ልብስ ያልለበሰ አባት ያለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ አረፋውን ያየ ሕዝብ ነው፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ያየው ግን አንድ ሰው ነው። ያየውም "እንዶድ ተአምር ነው፣ ለሁሉ በሽታ ይጠጣ" ብሎ አልሮጠም። ሕያው ቀንድ አውጣ አረፋው ውስጥ ከትቶ ሲሞት አየ፤ ከዚያ ስንቱ እንዶድ በስንት ውሃ፣ ለስንት ሰዓት፣ ዓሣውንስ ምን ያደርገዋል፣ የትኛው ዝርያ ይበረታል እያለ ዕድሜውን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን ሰምተው የውሃ ቧንቧቸውን ለሚደፍን ባለ ቅርፊት ፍጡር ማጥፊያ እንዲሆን በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም የባለቤትነት መብት አወጡበት። እኛ ስለ እንዶድ በጉባኤ ስንኮራ እነሱ ስለ እንዶድ ማመልከቻ ሞሉ።

ይህን የሰማ የባህል ሐኪም "ለዚህ ነው ምሥጢሬን የማልናገረው" ሊል ይችላል፤ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ያስተዛዝባል። ቅጠሉ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግሩ ይቀጠፋል፤ ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይለቃል ይባላል፤ ለበኵር ልጅ በሞት አልጋ ላይ ብቻ ይተላለፋል። በኵሩ ደግሞ ዛሬ ራይድ ይነዳል ወይም ዱባይ ነው። አባት ሲሞቱ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል፤ የሚቀረው ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል። አዋቂው ዝም ሲል የማያውቀው ይጮኻል። በሌላ በኩል ተመራማሪው አለ። የአንዱን ቅጠል ጭማቂ ለአይጥ ሰጥቶ፣ "ተስፋ ሰጪ ነው፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብሎ ጽፎ፣ ተመርቆ፣ ጋውኑን ሰቅሎ ይሄዳል። ተጨማሪውን ጥናት የሚያጠናው የሚቀጥለው ተመራቂ ደግሞ በሌላ ቅጠል ላይ ይጀምራል፤ እሱም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ይላል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉት አይጦች ድነው አልቀዋል፤ ተራው የሰው ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው ነው። ለሁሉ በሽታ የሚሆን ቅጠል የለም፤ ለአንድ በሽታ የሚሆን ግን ሳይኖር አይቀርም፤ እሱን ማግኘት የሚቻለው ደግሞ ለአሥሩ ነው ማለታችንን ስናቆም ነው። የባህል ሐኪም የሆኑ ወገኖች የሚያውቁትን ባለቤትነታቸው በሕግ ተጠብቆ ያስመዝግቡ። ተመራማሪዎችም አንዱን ቅጠል ይዘው እስከ ታማሚው አልጋ ድረስ ይሂዱ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሐኪም ፊት ስትቀርብ ቅጠሉን ከነስሙ ተናገር፤ የሚቆጣህ ሐኪም ካለ እሱም ይታረም። እብድ ውሻ ከነከሰህ ቅጠል አትጠብቅ፣ ቁስሉን እጠብና ወደ ክትባቱ ሩጥ። ጉንፋን ከያዘህ ግን የፈለግኸውን ጠጣ፤ ብቻ ሲሻልህ ለሰው ሁሉ አታዝዝ።